መድኃኒቱን ቆጠርን፤ እንቅስቃሴውንስ ማን ይቁጠረው?



የምሠራበት መድኃኒት መደብር ከምኒልክ አደባባይ ብዙም አይርቅም። ማዘዣ ይዞ የሚመጣውን ሰው ሳስተናግድ አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። አባቱን ስትሮክ የመታበት ልጅ፣ እናቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ የታከሙላት ሴት፣ ባሏ በመኪና አደጋ ጉልበቱን የተጎዳባት ሚስት የወሩን መድኃኒት ለመውሰድ ይመጣሉ። «ኪኒናቸውን ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ፈጣን ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ቀን አላለፋቸውም» ይሉኛል። «የታዘዘላቸውን የእጅና የእግር እንቅስቃሴስ?» ስል ግን መልሱ ይዘገያል። «እ... ይሠራሉ፤ አልፎ አልፎ።» በቀን ስንት ጊዜ? ካለፈው ወር ተሽሏቸዋል ወይስ ብሶባቸዋል? የሚያውቅ የለም።

ይህን የምለው ሰውን ለመውቀስ አይደለም። እኔው ራሴ፣ ያውም የጤና ባለሙያ ተብዬ፣ በገዛ አባቴ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ስለሆነ ነው።

በእኛ ቤት የሆነው

አባቴን ስትሮክ የመታቸው ከሱብሒ ሶላት በፊት ነበር። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አሉ። አላህ ይመስገን፣ በጊዜ ሆስፒታል ደርሰው ሕይወታቸው ተረፈ። ወደ ቤት ስንመለስ ሁለት ወረቀት ይዘን ነበር። አንደኛው የመድኃኒት ማዘዣ ሲሆን ሁለተኛው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሥዕል አስደግፋ የሰጠችን የ8 እንቅስቃሴዎች ዝርዝር ነው።

የመጀመሪያውን ወረቀት እኔ ተረከብኩ። በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ የኪኒን ሳጥን አዘጋጅቼ «ጠዋት»፣ «ማታ» ብዬ ጻፍኩበት። የደም ግፊታቸውንም በየቀኑ እየለካሁ በደብተር መዘገብኩ። ሁለተኛው ወረቀት የቡፌው መስታወት ውስጥ ተቀመጠ፤ እንዳይጠፋ ብለን! ወንድሞቼ አባታችንን ደግፈው ሳይሆን ተሸክመው መታጠቢያ ቤት ያደርሷቸዋል። እናቴ ታጎርሳቸዋለች። እኔ ዉዱእ አስደርጋቸዋለሁ። ሁላችንም እንወዳቸዋለን፤ ሁላችንም አጅሩን እንፈልጋለን።

በሦስተኛው ወር ለቀጠሮ ስንሄድ ባለሙያዋ የአባቴን ቀኝ እጅ ይዛ ልትዘረጋው ሞከረች። ጣቶቹ እንደተጨበጡ ደርቀዋል። «በቀን ስንት ጊዜ ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እርስ በርስ ተያየን። አባቴ በተኮላተፈ አንደበታቸው «መድኃኒቱን ትቆጥራለች፤ እኔን ማንም አልቆጠረኝም» አሉ። ቀልድ አስመስለው ነበር የተናገሩት፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አቋም ይህ ነው። በቤት ውስጥ ለሚደረግ የአካል ተሐድሶ የሚያገለግል ራስን መከታተያ፣ ስልክም ይሁን የእጅ ሰዓት ወይም ተራ ደብተር፣ የሚጠቅመው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ቆጣሪው ታማሚው ራሱ ሲሆን። ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው ነገር ለእኛ ቤት ኑሮ ትርጉም ሲኖረው። ሦስተኛ፣ የተቆጠረውን አንብቦ ሕክምናውን የሚያስተካክል ባለሙያ ሲኖር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ውድ መሣሪያም ቢሆን ከመጫወቻ አያልፍም።

ያልተሠራበት እጅ ይረሳል

ለመሆኑ መቁጠር ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል? ስትሮክ የሚጎዳው እጁን ሳይሆን እጁን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ነው። የተረፈው የአንጎል ክፍል አዲስ መንገድ የሚለምደው በመደጋገም ነው። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ሳይሆን በሺዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ማለት ነው።

ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። ታማሚው በደከመው እጁ ሞክሮ ሲያቅተው በጤነኛው እጁ መጠቀም ይለምዳል፤ ወይም ሌላ ሰው ይሠራለታል። ቀስ በቀስ አንጎል ያንን እጅ መጠቀም ይተዋል። እጁ ሊሠራ የሚችለውን እንኳ አይሠራም። ለዚህ ያዘጋጁት ሕክምና ጤነኛው እጅ በጓንት ተሸፍኖ እንዲቀመጥና የደከመው እጅ ተገዶ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ይህ ዘዴ 222 የስትሮክ ሕሙማን በተሳተፉበትና ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተፈትኖ የእጅን ሥራ እንደሚያሻሽል ታይቷል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ከጓንቱ ጋር አብሮ የሚሰጠው ነገር ነው። ታማሚው በቤቱ ምን ምን በዚያ እጅ እንደሚሠራ ከባለሙያው ጋር የስምምነት ወረቀት ይፈርማል፤ በየቀኑ የሠራውን ይመዘግባል። የሕክምናው አንድ አካል መዝገቡ ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ በፍቅር ብዛት አባታችንን ስናጎርስ፣ ሳናውቀው ቀኝ እጃቸውን እንዲረሱት እያስተማርናቸው ነበር።

ቤት መሆኑ ግድ የሆነበት ምክንያት

«እንዲህ ያለው ነገር የሆስፒታል ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቢቻል ኖሮ! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ2.4 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ተሐድሶ ሊጠቅማቸው የሚችል የጤና ችግር አለባቸው። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አንዳንድ አገሮች ደግሞ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አያገኙትም። በአገራችን ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሰጠት የጀመረው በ1990ዎቹ በእኛ አቆጣጠር ነው። ሙያው ገና ወጣት ነው። ባለሙያዎቹም በአብዛኛው ያሉት በትላልቅ ሆስፒታሎች ነው።

በዚህ ላይ የመንገዱ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ለመልሶ ማልማትና ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከዶሮ ማነቂያና ከአጎራባች ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። የእኛም ቤተሰብ ከሄዱት አንዱ ነው። ድሮ አባቴን በእጅ ጋሪም ቢሆን ሐኪም ቤት ማድረስ ይቻል ነበር። ዛሬ አሳንሰር ከሌለው ፎቅ አውርዶ፣ ታክሲ ተኮናትሮ፣ ተራ ጠብቆ፣ ተመልሶ ፎቅ ማውጣት የአንድ ሙሉ ቀን ሥራና የብዙ ብር ወጪ ነው። በሳምንት 3 ጊዜ ይህን የሚችል ማን ነው? ስለዚህ ተሐድሶው ቤት ውስጥ መሆኑ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

የቤት ተሐድሶ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቼሻየር ኢትዮጵያ በመናገሻ ማዕከሉ የፖሊዮ ተጎጂ ሕፃናትን በማገዝ ይታወቃል። ሕፃኑ ድጋፍ ጫማውን አጥልቆ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚቀጥለው ሥራ የቤተሰቡ እንደሆነ በዚህ መስክ የሠሩ ሁሉ ያውቁታል። ያልነበረው ነገር አንድ ነው። ልጁ በቤቱ ምን ያህል እንደተራመደ ባለሙያው በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያይበት መንገድ አልነበረም።

መሣሪያዎቹ ከየት መጡ?

በቀበቶ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ በጃፓን ገበያ ላይ በሰፊው የወጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙ ሲተረጎም «የአሥር ሺ እርምጃ መለኪያ» እንደማለት ነበር። ዛሬ በየስልኩ የምናየው «በቀን 10,000 እርምጃ» የሚለው ግብ የመጣው ከሕክምና ምርምር ሳይሆን ከዚያ የንግድ ስም ነው። ከዚያ በኋላ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የኒንቴንዶ ዊ ጨዋታና በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት ኪኔክት ካሜራ የእጅና የእግርን ንቅናቄ ስለሚያነብቡ ብዙ የተሐድሶ ባለሙያዎች ለሕሙማን ሞክረዋቸዋል። ዛሬ ማንኛውም ስማርት ስልክ ውስጥ ንቅናቄንና ዘንበል ማለትን የምትለይ ትንሽ ሴንሰር አለች። በእሷ እርምጃ ይቆጠራል፤ ስልኩን ቅልጥም ላይ በማሰር ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ማወቅም ይቻላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለጤነኛ ሰውና ለሌላ አገር ቤት ነው። ለጤነኛ ሰው የተሠራ የእርምጃ መቁጠሪያ እግሩን እየጎተተ ቀስ ብሎ የሚሄድን ሰው እርምጃ ሳይቆጥር ያልፋል። አባቴ ከአልጋ እስከ በር በላብ ተጠምቀው ደርሰው ስልኩ «ዜሮ» ሲላቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቡት! 10,000 የሚለውን ግብ እንደ ፊደል ገበታ ለእሳቸው መስቀል ደግሞ ተስፋ ማስቆረጥ ነው።

ለእኛ ቤት ቢሠራ

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተርና ምሕንድስና የተማሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። አፕሊኬሽን የሚሠሩ ወጣቶች ይህን ዓምድ ካነበቡልኝ የምጠይቃቸው የሚከተለውን ነው።

ግቡን ከታማሚው ጠይቁ። ሌላ አገር ጉልበቱን የታከመ ሰው 90 ዲግሪ ካጠፈ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከ110 እስከ 120 ከደረሰ «ጥሩ ነው» ይባላል። እኛ ግን መሬት ላይ ተቀምጠን እንበላለን፤ ብዙዎቻችን ቁጢጥ ብለን እንጸዳዳለን፤ በሶላትም በሁለቱ ሱጁዶች መካከል በጉልበታችን እንቀመጣለን። ይህ ከ130 ዲግሪ በላይ መታጠፍን ይፈልጋል። አባቴን «ምን መሥራት ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው «5 ሺ እርምጃ» አይሏችሁም። «ግንባሬን ምንጣፍ ላይ ማድረስ» ነው የሚሉት። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ዲናችን ገር አድርጎልናል፤ ስለዚህ ማንም በሶላቱ ሰበብ ሰውነቱን ከአቅሙ በላይ ማስገደድ የለበትም። ሶላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም። ግን ታማሚው የሚናፍቀው ያ ከሆነ፣ መሣሪያው ወደዚያ ምን ያህል እንደቀረበ ሊነግረው ይገባል።

ቆጣሪውን ለታማሚው ስጡ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስልኩን ይዞ «አባባ፣ ዛሬ አልሠሩም!» እያለ የሚቆጣጠርበት ነገር አባትን ተማሪ ያደርጋል። በሕመሙ ላይ ሐፍረት ይጨምርበታል። ታማሚው ራሱ በደከመው እጁ የሚጫነው አንድ ትልቅ ቁልፍ ቢኖር መጫኑ ራሱ እንቅስቃሴ ነው።

ማንበብ ለማይችልም ይናገር። በ2014 እ.ኤ.አ. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028 የተባለ ነፃ የስልክ መስመር ለገበሬዎች ጀምሮ ነበር። ገበሬው በተራ ባለ ቁልፍ ስልኩ ደውሎ ስለ ዘርና ማዳበሪያ በራሱ ቋንቋ በድምፅ ይሰማ ነበር፤ መስመሩም በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪ አስተናግዷል። ለጤፍ የተሠራ ነገር ለእናቶቻችን ጉልበት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። «ዛሬ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሡ? ቁጥሩን ይጫኑ» የሚል ድምፅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በስልጢኛ ቢመጣ ኢንተርኔትም ስማርት ስልክም አያስፈልግም። መብራት ቢጠፋም ይሠራል።

ገመናን ጠብቁ። በካሜራ የሚሠራ መሣሪያ የእናቴን ሰውነት እየቀረጸ የት እንደሚልከው ሳላውቅ ቤቴ አላስገባውም። ዛሬ ስልኩ ራሱ የሰውን መገጣጠሚያዎች በነጥብና በመስመር ብቻ ለይቶ፣ ምስሉን የትም ሳይልክ ማስላት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል። ሠሪው ይህን አስቀድሞ ይወቅ፤ እኛም እንጠይቅ።

መቼ እንደሚቆም ይንገር። ይህን እንደ መድኃኒት ባለሙያ አጥብቄ እላለሁ። ለግሉኮዝ መቀነሻ እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ቢንቀሳቀስ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአልጋው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። መሣሪያው «በርቱ! ጨምሩ!» ብቻ የሚል ከሆነ ያስፈራኛል። ከመጀመሩ በፊት «ቁርስ በልተዋል? ያዞርዎታል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከሌለስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳቤን ስነግራት «እናንተ መሣሪያ ስታወሩ መንግሥትም ሆስፒታሉም 'እንግዲህ ቤታችሁ በስልክ ታከሙ' ብለው ባለሙያ መቅጠሩን ይተዉታል» አለችኝ። ስጋቷ ከንቱ አይደለም።

በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 የስትሮክ ሕሙማን የተሳተፉበት አንድ ትልቅ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጥናቱ የቤተሰብ አባል ተሐድሶውን ሠልጥኖ ቤት ውስጥ ቢያሠራስ የሚል ነበር። ከ6 ወር በኋላ ሲታይ ሥልጠናው ሞትንም ሆነ የሰው ጥገኛ መሆንን አልቀነሰም። ይህ ለእኔ መራራ ንባብ ነበር፤ ምክንያቱም እኛ አገር ሁሉንም ነገር በቤተሰብ ትከሻ ላይ መጣል ልማዳችን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 2,104 ሕሙማንን ይዞ ስትሮክ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ በብዛትና በጥድፊያ ማንቀሳቀስን ሲፈትን፣ ጥሩ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። «ብዙ መሥራት ሁልጊዜ ጥሩ ነው» የሚለውም ስሕተት ነው ማለት ነው።

ሁለቱ ጥናቶች የፈተኑት ራስን መከታተያ መሣሪያን አይደለም። እኔ ግን ከሁለቱ የተረዳሁት ፍቅርም ትጋትም ያለ መጠን፣ መጠንም ያለ ባለሙያ እንደማይበቃ ነው። መድኃኒት ብንመለከት «በየ8 ሰዓቱ 1 ፍሬ» ብሎ የሚያዝ ሐኪም አለ፤ ካልሠራ መጠኑን ይቀይረዋል። እንቅስቃሴም እንዲሁ መጠን ያለው መድኃኒት ነው። መሣሪያው የሚጠቅመው ባለሙያዋን ለመተካት ሳይሆን፣ በወር አንድ ጊዜ ለ20 ደቂቃ ስታየን ያለፉትን 30 ቀናት በአንድ ገጽ እንድታይ ለማድረግ ነው። ያኔ ከ20 ደቂቃው ግማሹ «ይሠራሉ? አልፎ አልፎ» በሚል ንግግር አያልቅም።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከተሞች የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን ቤት ለቤት አሰማርቷል። ክትባትንና የእናቶችን ክትትል እንደሚጠይቁት ሁሉ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ባለበት ቤት የእንቅስቃሴ መዝገቡን አይተው ወደ ኋላ የቀረውን ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲልኩ ማድረግ ይቻላል። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንም ድርሻ አላቸው። በየጀማዓው የጤና ባለሙያ የሆኑ ወጣቶች አሉ። በወር አንድ እሑድ በመስጂዱ ግቢ ወይም አዳራሽ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም በተለየ ሰዓት፣ መዝገብ የሚታይበት ፕሮግራም ቢዘጋጅ ወጪው ወንበርና ጠረጴዛ ነው። በተለይ ከፒያሳ ወደ ዳርቻ ለተበተኑት አዛውንቶች ለጁሙዓ ሲመጡ የድሮ ጎረቤታቸውን የሚያገኙበት ሰበብም ይሆናል።

መሣሪያው እስኪመጣ

እኛ ቤት የተጀመረው በሙስበሓ ነው። አባቴ ለዚክር የሚይዙትን ሙስበሓ ሳይሆን ሌላ፣ ጠጠሮቹ ተለቅ ያሉ 33 ፍሬ ያሉት መቁጠሪያ ገዛሁላቸው። ባለሙያዋ ከፈቀደችው እንቅስቃሴ አንዱን በሠሩ ቁጥር አንዷን ጠጠር በቀኝ እጃቸው ይስባሉ። መጀመሪያ ጠጠሯን ለማለፍ አንድ ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር። ጠጠሯን መሳቡም ራሱ ለጣቶቻቸው ሥራ ሆነ። ጣት ላይ የምትታሰረዋ ዲጂታል መቁጠሪያም ለሌላ ሰው ልትስማማ ትችላለች። ማታ ላይ ቁጥሩን ራሳቸው ይነግሩኛል፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ።

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ልትጀምሩ ትችላላችሁ።

1. ባለሙያ ከሰጣችሁ ዝርዝር 3 እንቅስቃሴ ብቻ ምረጡ፤ የትኞቹን እንደምትመርጡም ባለሙያውን ጠይቁ። ስምንቱን ጀምሮ ከመተው ሦስቱን መዝለቅ ይሻላል።

2. በደብተሩ ላይ 4 መስመር አስምሩ፤ ቀን፣ የሠሩት ብዛት፣ ሕመም ነበር ወይስ አልነበረም፣ ዛሬ በራሳቸው የሠሩት አዲስ ነገር። አራተኛውን አትዝለሉት። «ስኒውን በራሳቸው አነሡ» የሚለው ከቁጥር ሁሉ ይበልጣል።

3. መራመድ ለቻለ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ይህን ለኩ። ከወንበር ተነሥቶ፣ 3 ሜትር ተራምዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እስኪቀመጥ ያለውን ሰከንድ በስልክ ቁጠሩ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅበት አዛውንት የመውደቅ ስጋት ስላለበት ለሐኪሙ ንገሩ። ሲሞክር አንድ ሰው ከጎኑ ይቁም።

4. በግድግዳ ላይ የደከመው እጅ የደረሰበትን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የደከመውን እጅ ግን በፍጹም ጎትታችሁ ሰውን አታንሡበት፤ ትከሻው ሊወልቅና ለረዥም ጊዜ ሊታመም ይችላል።

5. የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ማዞር፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መቅላት ከታየ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም አንድ ጎን አዲስ ድክመት ካሳየ ደግሞ አንዲት ደቂቃ አትጠብቁ።

ከምግብ አንፃርም አንድ ነገር ልበል። ጡንቻ ያለ ምግብ አይገነባም። አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎቻችንን «ቀለል ያለ ነገር» ብለን በሻይና በዳቦ ብቻ እናውላቸዋለን። የሚውጡት ካልተቸገሩና ሐኪም ካልከለከላቸው ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ወተት በየቀኑ ያስፈልጋቸዋል፤ ጨውን ግን ቀንሱ። በረመዷን ሐኪም እንዲጾሙ የፈቀደላቸው ካሉ እንቅስቃሴውን ከኢፍጧር በኋላ ማድረግ ይሻላል። እንዳይጾሙ የተነገራቸውም የተሰጣቸውን ፈቃድ ይቀበሉ።

ውድ አንባቢያን፣ አባቴ ሙሉ በሙሉ ድነዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ቀኝ እጃቸው ስኒ ያነሣል እንጂ ቁልፍ አይቆልፍም። ያ ሦስት ወር ባይባክን ኖሮ ምን ያህል ይሻላቸው እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው፤ ይህ በልቤ ያለ ጸጸት ነው። ግን ዛሬ የፎቁን ደረጃ ከዘራ ይዘው ይወርዳሉ፤ ስንት ደረጃ እንደሆነም እሳቸው ናቸው የሚነግሩን። ባለፈው ጁሙዓ ፒያሳ ኑር መስጂድ ደርሰው በወንበር ሰግደው ተመለሱ። በደብተሩ አራተኛ መስመር ላይ «ለመስጂድ ወጣሁ» ብለው በግራ እጃቸው ራሳቸው ጻፉት።

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የቡፌውን መስታወት ክፈቱ። ያ ወረቀት እዚያ ካለ አውጡትና ለባለቤቱ ስጡት። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይለግሳቸው፤ ለአስታማሚዎችም ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።